ገንዳው ይሠራ፣ ክሬይፊሹ ይቅር

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከተማሪ ወገኖቻችን መካከል በቤታቸው የመስታወት ገንዳ አሠርተው ዓሣ ለማኖር የሚያስቡ እየበረከቱ መሄዳቸውን እናያለን። ሐሳቡ መልካም ነው። አብዛኞቻችን ዓሣን የምናውቀው ወይ በፎርማሊን ተነክሮ በጠርሙስ ውስጥ ዓይኑ ነጥቶ ነው፤ ወይ ደግሞ ተጠብሶ በሳሕን ላይ ነው። ሲተነፍስ፣ ሲጣላ፣ ድንጋይ ሲልስ በቅርብ የተመለከተ ጥቂት ነው። ስለዚህ ገንዳው ይሠራ ከሚሉት ጋር ነን። የምንቃወመው ከገንዳው ጋር ተያይዞ የመጣውን ሌላ ምኞት ነው፤ እርሱም ከውጭ አገር በሚመለስ ዘመድ እጅ ክሬይፊሽ አስመጥቶ ከዓሣው ጋር በአንድነት ማኖር ነው።

ክሬይፊሽ ለማያውቀው ሰው ሲታይ መልኩ ጊንጥ የሚመስል፣ ጠንካራ ቅርፊት የለበሰ፣ ከፊቱ ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫዎች ያሉት፣ በወንዝና በሐይቅ ውኃ የሚኖር የሸርጣን ዘመድ ነው። ቀይ አለ፤ ሰማያዊም አለ፤ ሰማያዊው ልብ የሚሰርቅ መሆኑን አንክድም። ጠባዩም የሚያስደንቅ ነው። ቅርፊቱ ከገላው ጋር ስለማያድግ በየጊዜው አውልቆ ይጥለዋል፤ ከመጣሉ በፊት ግን ከአሮጌው ቅርፊት ካልሲየሙን በከፊል መጥጦ በሆዱ ውስጥ እንደ ትንንሽ ጠጠር አድርጎ ያኖረዋል፤ አዲሱን ቅርፊት ሲያጠነክርም ያንኑ ስንቅ መልሶ ይጠቀምበታል። አንዳንዴም የጣለውን ቅርፊት ራሱን ይበላዋል። ለተማሪ ዓይን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው ቢባል አንከራከርም።

ከዓሣ ጋር ተስማምቶ ይኖራል የሚለው ወሬ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቀን ከድንጋይ ሥር ተደብቆ ይውላል። ሌሊት ዓሣው ከታች አርፎ ሲቆም ወጥቶ ይቆነጥጠዋል። በተራው ደግሞ ቅርፊቱን በጣለ ሰሞን ገላው እንደ ሊጥ ስለሚለሰልስ ዓሣዎቹ ይነጩታል። ገንዳው በሚገባ ካልተከደነም በአየር ቱቦው ላይ ተንጠላጥሎ ወጥቶ ከአልጋ ሥር ይገኛል፤ ወይም አይገኝም።

ይህ ሁሉ የባለቤቱ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ጉዳዩ ከዚህ ይሰፋል።

የአፍሪካ ዋና ምድር ከጥንት ጀምሮ የራሱ የሆነ ክሬይፊሽ የለውም። በአህጉራችን ዙሪያ አገሬ ብሎ የሚኖርባት ማዳጋስካር ብቻ ናት። የእኛ ሐይቆች እንቁላልና ተክል፣ ትልና ቀንድ አውጣ፣ ሬሳም ሳይቀር አንድ ላይ እየበላ ዳርቻውን የሚቦረቡር እንዲህ ያለ እንስሳ አያውቁም። ጎረቤታችን ኬንያ ግን አውቃዋለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ከአሜሪካ የዘር ምንጭ ያለው ቀዩ ክሬይፊሽ ለገበያ ይሆናል ተብሎ በናይቫሻ ሐይቅ ተለቀቀ። በመጀመሪያ ገንዘብ አስገኘ፤ ወደ ውጭ አገርም ተላከ። ከዓመታት በኋላ ግን ከውኃው ሥር ይበቅል የነበረው ተክል እጅግ መነመነ፤ የሐይቁን ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንትም ለዚህ ተጠያቂ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ይኸው እንስሳ ነው። ናይቫሻ ጨዋማ ያልሆነ፣ ጥልቀቱ ያነሰ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ዝዋይን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ማመሳሰል አይከብደውም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «በናይቫሻ የተለቀቀው ሆን ተብሎ ነው፤ እኛ የምናመጣው አንዲት ብቻ ናት፤ ወንድ ከሌላት ምን ትወልዳለች?» ይሉናል። መልሱ ከጀርመን አገር ይመጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዚያ አገር በሚነግዱ የገንዳ እንስሳት መካከል አንድ ዝንጉርጉር ክሬይፊሽ ታየ፤ በ2003 ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ሁሉም ሴት ናቸው፤ ያለ ወንድ እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚፈለፈሉትም ከእናታቸው በዘር የማይለዩ ቅጂዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚጥሉት እንቁላልም በመቶ የሚቆጠር ነው። ይኸው እንስሳ ዛሬ በማዳጋስካር በሩዝ ማሳውና በቦዩ ተሠራጭቶ ይኖራል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 ባወጣው የመጤ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ አግብቶ ማርባቱን፣ መሸጡንና ማጓጓዙን ከልክሏል። እንግዲህ «አንዲት ብቻ» የሚለው ክርክር የት እንደሚያደርስ አንባቢ ይፍረድ።

«አዲስ አበባ የት፣ ሐይቁ የት!» የሚልም አይጠፋም። ከተማችን ሐይቅ ባይኖራትም ወንዝ አላት። የገንዳ ውኃ የሚደፋበት ቦይ ወደ ጅረት ይወርዳል፤ ጅረቱ ወደ አቃቂ፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ፤ አዋሽም ወደ ቆቃ። የከተማችን ወንዝ የቆሸሸ መሆኑ እንደ አጥር ይቈጠር ይሆናል፤ ነገር ግን ቀዩ ክሬይፊሽ አየር ባነሰው ውኃ የሚታገሥ፣ ሲደርቅበት ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቆይ፣ እርጥብ ሌሊት ሲያገኝም በየብስ ተራምዶ ከአንድ ውኃ ወደ ሌላው የሚሻገር ነው።

ቆቃን ከጠራን ዘንድ እምቦጭን ሳናነሣ አናልፍም። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው በአበባው ማማር ነው፤ በየአገሩ በኩሬና በአትክልት ሥፍራ ለጌጥ ያኖሩት ሰዎች ናቸው። በአገራችን በቆቃና በአዋሽ ላይ መታየቱ የተመዘገበው በ1965 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2011 በጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ገበሬና ስንት ተማሪ በእጁ ሲነቅል እንደከረመ ሁላችንም እናውቃለን። ከመካከላችን በዚያ ጭቃ ውስጥ የቆሙ አሉ። በጣና ላይ የሚኖሩት ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዘመዶች 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም፤ ገሚሶቹም በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው መብላት የለመዱ ናቸው። በዓለም ላይ ብዙ አምሳያ የሌለውን እንዲህ ያለ ሀብት ለአንድ ሰማያዊ መቆንጠጫ ብለን አደጋ ላይ ልንጥል አይገባም እንላለን።

ታዲያ ምን ይግባበት? መቆንጠጫ ለሚወድ የደጋ ወንዞቻችን ሸርጣን አላቸው። የወንዝ ሸርጣን እንደ ባሕሩ ዘመድ ልጆቹን በውኃ አይበትንም፤ እናቲቱ እንቁላሉን ከሆዷ በታች አጥፋ ይዛ ቆይታ ሙሉ ሸርጣን ሆነው ሲፈለፈሉ ታወጣቸዋለች። ቅርፊቱንም እንደ ክሬይፊሹ ይጥላል። ይህን ቤቱ ሆኖ ማየት የሚችል ተማሪ ከባሕር ማዶ ምን ይጠብቃል? ሸርጣኑም ቢሆን ዓሣ ይበላልና ለብቻው ይኑር፤ ከውኃው በላይ ወጥቶ የሚቀመጥበት ድንጋይና ጠንካራ ክዳን ይደረግለት። ለዓሣው ገንዳ ደግሞ በየጅረቱ ድንጋይ ላይ ከአገጩ በታች ባለው መምጠጫ ተጣብቆ አረንጓዴውን ሽበት የሚግጠው ትንሹ ጋራ የሚባለው ዓሣ ይበቃናል፤ ብርዳችንን የለመደ ስለሆነ ማሞቂያ አይጠይቅም። ቀረሶ በአፏ እንቁላል ታቅፋ የምታሳድግ ድንቅ ፍጥረት ናት፤ ግን ሙቀት ትወዳለች፤ ደግሞም ታድጋለች፤ ለትንሽ ገንዳ አትመችም። የተያዘው ሁሉ ከሌላ ወንዝ ውኃ ላይ እንዳይለቀቅ ይታሰብበት፤ ከአገር ውስጥ የመጣም ቢሆን ለሌላው ተፋሰስ ባዕድ ነው።

ስለ ሥራው ጥቂት እንበል። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 35 ቁመት ያለው ገንዳ ለጀማሪ ይበቃል። መስታወቱን 6 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው መስታወት ቤት ያስቆርጡታል፤ የሚያጣብቀው ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሻጋታ መድኃኒት የተጨመረበት እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ሻጋታውን የሚገድለው ዓሣውንም አይምርም። ውኃው 50 ሊትር ከበለጠ ከጠጠሩና ከመስታወቱ ጋር 70 ኪሎ ያልፋል፤ የቡና ረከቦት የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አይችለውም፤ የቤት አከራይን አስቀድሞ ማማከርም ብልህነት ነው።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው በዚህ ነው፦ ገንዳው በተሞላ ማግሥት ዓሣ ያስገባል፤ በሳምንቱ ይሞትበታል፤ «ውኃው መርዝ አለው» ይላል። መርዝ አለው፤ ግን ከቧንቧው የመጣ አይደለም። የቧንቧው ክሎሪን በሰፊ ባልዲ ተከፍቶ አንድ ቀን ካደረ ይወጣል። መርዙ ከዓሣው ትንፋሽና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞንያ ነው። ይህን አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬቱ በትንሹ ከሆነ አይገድልም። ባክቴሪያዎቹ ግን ተዘርተው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳሉ፤ በቀዝቃዛ ክፍል ከዚያም ይዘገያሉ። ስለዚህ ገንዳው ባዶውን ይሥራ፤ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየተጣለበት ይቆይ። ለባክቴሪያው ቤት ከሁሉ የረከሰውና የተሻለው በየግንባታው ዳር የተከመረው ቀይ አሽ ነው፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ። በደንብ ታጥቦ በማጣሪያው ውስጥ ይግባ እንጂ ከገንዳው ወለል አይነጠፍ፤ ስለታም ጠርዙ የዓሣውን ሆድ ይፍቃል።

የውጭ አገር መጻሕፍት የሚሰጡትን የዓሣ ቁጥር እንዳለ አንቀበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በውኃ የሚሟሟውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ዳር አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ የእኛው 7 ያህል ነው የሚይዘው። መጽሐፉ አሥር ዓሣ ካለ ሰባት እንበቃለን እንበል። መብራት በጠፋ ጊዜም የአየር መንፊያው ይቆማልና በኩባያ ውኃውን እየቀዱ ከላይ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ ለፈተና የሚያነብ ሰው እንቅልፉን ያባርርበታል።

በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡ ይለወጣል። የተቀዳው ቆሻሻ ውኃ በቦይ አይደፋ፤ ለአትክልት ይጠጣ። ናይትሬቱን ጎመን ይወደዋል፤ ከእርሱ ጋር ያመለጠ እንቁላልም ሆነ ጫጩት በደረቅ አፈር ላይ ይቀራል።

ማኅበራችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል መተላለፊያ ላይ ለአንድ ገንዳ የሚሆን ቦታና አንድ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ይፈቀድልን። መስታወቱን ከየኪሳችን አዋጥተን እንገዛለን፤ ቀይ አሹንም አጥበን እናቀርባለን፤ በዕረፍት ወራት ምግብ የሚሰጥና ውኃ የሚለውጥ ተረኛ በስም ዝርዝር ከወዲሁ እናዘጋጃለን። ፈቃዱ በዚህ ወር ቢሰጠን ባክቴሪያው እስኪበዛ ጠብቀን ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓሣዎች እናስገባለን።