የላፕቶፕን ስም ማን ያወጣዋል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የላፕቶፕን ስም ግን የሚያወጣው የሽያጭ ክፍል ነው። ለጌም ተብለው የሚሸጡት ውድ ላፕቶፖች የተጻፈላቸውን ያህል ናቸው ወይ ለሚለው ጥያቄ የእኛ መልስ አጭር ነው፦ ማሽኖቹ ደካማ አይደሉም፤ የተሸከሙት ስም ግን የእነሱ አይደለም።

በቁጥር እንነጋገር (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልን)። ኤንቪዲያ በኦክቶበር 2022 ለዴስክቶፕ ያወጣው አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ 16,384 ኮርና 24 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ እስከ 450 ዋት ይበላል። በጃንዋሪ 2023 ለላፕቶፕ ያስተዋወቀው "4090" ደግሞ 9,728 ኮርና 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ነው ያለው። የሚፈቀድለትም ቢበዛ 175 ዋት ነው። ቺፑ ራሱ ሌላ ነው፤ በዴስክቶፕ በኩል 4080 ተብሎ የተሸጠው ነው። ታናሽየው የታላቁን መታወቂያ ይዞ ገበያ ወጣ ማለት ነው። በ2025 የመጣው 5090 ደግሞ ባሰበት፤ ዴስክቶፑ 21,760 ኮር፣ ላፕቶፑ 10,496። ግማሽ እንኳን አልሞላም!

ጠበቆቻቸው "ላፕቶፕ እኮ ነው! 450 ዋት ቢለቀቅበት ይቀልጣል" ይሉናል። ልክ ናቸው። ግን ፊዚክስ ስም አያወጣም። እስከ 2016 ድረስ የላፕቶፕ ካርዶች ስም መጨረሻ ላይ "ኤም" የምትል ፊደል ነበረች። ያኔ ልዩነቱ ጠበበ ተብሎ ተነሳች፤ እሰየው አልን። ልዩነቱ ተመልሶ ሲሰፋ ግን ፊደሏ አልተመለሰችም። "ላፕቶፕ ጂፒዩ የሚል ቅጥያ በሙሉ ስሙ ላይ አለ" ይሉ ይሆናል። አለ። ሱቅ ውስጥ ግን ማን ይጠራዋል?

ደግሞ ሳያውቁ ነው እንዳንል ይኸው ኩባንያ በ2022 ሁለት የተለያዩ ካርዶችን "4080" ብሎ አስተዋውቆ ገዢው ሲጮህ፣ ስሙ ግራ ያጋባል ብሎ ባለ 12 ጊጋባይቱን ገበያ ሳይገባ ሰርዞታል። ግራ ማጋባት ነውር መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። የላፕቶፑን 4090 ያስተዋወቀው ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው።

ጉዱ በዚህ አያበቃም። ያው የላፕቶፕ 4090 በአንዱ ማሽን 80 ዋት፣ በሌላው 150 ዋት እና ከዚያ በላይ ሊሰጠው ይችላል። ስሙም ስቲከሩም አንድ ነው፤ ጉልበቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል። ዋት የተነፈገው ትልቅ ካርድ በደንብ ከተቀለበ ታናሹ እኩል ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰሩም እንዲሁ ነው። የኢንቴል ኮር አይ9-13980ኤችኤክስ ዝርዝር 24 ኮር፣ 5.6 ጊጋኸርዝ ይላል። 5.6 ግን ጥቂት ኮሮች ለቅጽበት የሚነኩት ጣሪያ ነው፤ መነሻው 2.2 ነው። ሁሉም ኮሮች አብረው ሲሠሩና ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ባትሪውስ? አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳፍሩት እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ስለሆነ ትልልቆቹ 99 ላይ ይቆማሉ። 250 ዋት የሚበላ ማሽን በዚህ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ስለዚህ ቻርጀሩ ሲነቀል ጉልበቱን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም።

"የሀብታም ልጅ መጫወቻ ነው፣ ምን አገባችሁ?" ለምትሉን፦ ይህን ማሽን የሚገዛው ተጫዋች ብቻ አይደለም። ቪዲዮ አቀናባሪው፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው አርክቴክት፣ እንጀራውን የሚያበስልበት ወጣት ሁሉ ይገዛዋል። የስንት ጊዜ ቁጠባውን ሰብስቦ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ ይልካል። ዕቃው በሰው ሻንጣ ተሳፍሮ ቦሌ እስኪደርስ የመመለሻው ቀን አልፏል። ከዚያ ለማን አቤት ይባላል?

ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ከካርዱ ስም በፊት ስንት ዋት እንደተፈቀደለት ጠይቅ። የአምስት ደቂቃ ሙከራ አትመን፤ ግማሽ ሰዓት አሠርተህ ፍጥነቱንም የፋኑንም ጩኸት አድምጥ። ቻርጀሩን ነቅለህም እየው። አምራቾችንና ሻጮችን ደግሞ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዋቱን በካርቶኑ ላይ፣ ከስሙ እኩል በሆነ ፊደል ጻፉልን። ማሽናችሁ ጥሩ ከሆነ የሌላ ስም ምን ያደርግለታል?