ወጣቱ ለሥልጠና ከመሄዱ በፊት

በቆሰበር ዙሪያ የሚመረተውን ድንች በእጅ ስልክ ከገዢ ጋር የሚያገናኝ ዘዴ ያሰበ ወጣት ለጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ሥልጠና ሲመዘገብ፣ የገበሬው ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ማሰናበቱ ብቻ አይበቃም። ውሉም አብሮ ሊነበብ ይገባል።

ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ብሉሙን፣ የግብርና ሥራ ፈጣሪዎችን ለአራት ወራት እያሠለጠነና እያማከረ፣ ለተመረጡት 10,000 የአሜሪካ ዶላር መነሻ ሰጥቶ ከየድርጅቱ 10 በመቶ ድርሻ ይወስድ ነበር። ይህ ብድር አይደለም፤ ሥራው ቢያተርፍ ግን አሥረኛው እጅ የሌላ ነው። ያም ሆኖ ለድሃ ልጅ የአባቱን በሬ አሽጦ ከመነሣት ይሻላል።

ድንቹ በየትኛው ወር እንደሚረክስ፣ ደላላው በመካከል ምን እንደሚይዝ ከአማካሪው ይልቅ የሚያውቀው ገበሬው ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሐሳቡን አስቀድሞ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ያቅርብ፤ አባላቱም ዘዴውን በአንድ ወቅት ምርት ይፈትኑለት።