ማጊን የሸሸው ሰው

የአሜሪካ ናቹራሊዝም ሰውን ከዘሩ፣ ከሰፈሩና ከድህነቱ ማምለጥ እንደማይችል ፍጡር የሚያይ የልብ ወለድ ስልት ነው። ምንጩ ፈረንሳዊው ኤሚል ዞላ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስቲፈን ክሬን፣ ፍራንክ ኖሪስ፣ ጃክ ለንደንና ቴዎዶር ድራይዘር ጽፈውበታል። በኢትዮጵያ የስልቱ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው፤ የሚከተለውም ወቀሳ «ነውር ጻፈ» የሚል ነው። ነውር ቆጥሮ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚዘጋ ክርስቲያን ግን ዋናው ጥያቄ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

ጥያቄው ሰው ለሥራው ተጠያቂ ነው ወይ የሚል ነው። ናቹራሊስቶቹ አይደለም ወደ ማለቱ ያደላሉ። በክሬን «ክፍት ጀልባ» ባሕሩ አይጠላም፣ አይራራም፤ ከአራቱ ሰዎች ዳር ደርሶ የሚሞተው ጉልበት ያልጎደለው ዋናተኛ ነው። በኖሪስ «ማክቲግ» የልጁን ጭካኔ የሚያመጣው ከሰካራም አባት የወረሰው ደም ነው። ክርስትና ይህን አይቀበልም። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 የአባት ኃጢአት በልጅ እንደማይቆጠር አስረግጦ ተናግሯል፤ ንስሐ ካለ ደግሞ የማንም ሰው ፍጻሜ በዘሩ አልታሰረም።

ይሁንና የሜቶዲስት ሰባኪ ልጅ የነበረው ክሬን ቤተ ክርስቲያንን ከውስጥ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው «ማጊ» ውስጥ ከቤት የተባረረችው ልጅ ስለ እግዚአብሔር ጸጋ የሰማችውን አስባ፣ ረጅም ጥቁር ካፖርት ወደ ለበሰ ደግ መሳይ ሰው ትጠጋለች። እርሱ ግን ክብሩ እንዳይነካ ፈጥኖ ፈቀቅ ይላል። ክሬን እዚህ ላይ የሚከሰው ዘርንና ሰፈርን አይደለም፤ መርዳት እየቻለ የሸሸውን ሰው ነው። ለክርስቲያን አንባቢ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚከብደው ይህ ገጽ መሆን ይገባዋል።

በካፋዋ ቦንጋ ደግሞ ይህ ገጽ ይበልጥ ይከብዳል። በካፋ ማንጆ የሚባለው ማኅበረሰብ በአደን፣ በኋላም ማገዶና ከሰል በመሸጥ ሲኖር፣ የጉሬዛና የዱር አሳማ ሥጋ ይበላል ተብሎ ለረጅም ዘመን ተገልሏል። ሌላው ካፊቾ ከማንጆ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም፣ አይጋባም፣ ቤቱም አያስገባውም ነበር። ብዙ ማንጆዎች ክርስትናን ተቀብለዋል፤ መገለሉ ግን በጥምቀት አላበቃም። ናቹራሊዝምን ክህደት ነው ብሎ የሚያወግዝ ምእመን ማንጆውን በትውልዱ ሲለይ፣ ያወገዘውን ትምህርት በእጁ እየፈጸመው ነው። እንዲያውም ከናቹራሊስቶቹ ይብሳል፤ እነርሱ ለተጨቆነው ያዝናሉ። ባህል ነው የሚለው ማመካኛ በሕዝቅኤል ፊት አይቆምም።

ከሸሸው ሰው በተቃራኒ የቆመ አገልጋይ ከድራይዘር ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው «የአሜሪካ ትራጀዲ» የጎዳና ሰባኪዎች ልጅ የሆነው ክላይድ ሞት ሲፈረድበት፣ መክሚላን የተባለው አገልጋይ እስር ቤት ድረስ ሄዶ እስከ መጨረሻው አይለየውም። ስለ ኃጢአቱ በግልጽ ያናግረዋል፤ ጥፋቱን ለዘሩ ወይም ለድህነቱ አይተውለትም። ተጠያቂ ማድረግም መቅረብም በአንድ ሰው ተገናኝተዋል። በካፋ መቅረቡ እስር ቤት ድረስ መሄድን አይጠይቅም፤ ማንጆ ቤት ገብቶ በእርሱ ስኒ ቡና መጠጣትን ነው የሚጠይቀው።