ሸኖ ላይ የሚጠብቅዎት

ጥቅምት ሲገባ ብስክሌት ወዳዶች ሁለት ነገር ያደርጋሉ። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ የከረመውን ብስክሌት አውጥተው ካቴናውን ዘይት ይቀባሉ፤ ቀጥለው ደግሞ አቅማቸውን ሳይለኩ ለረጅም ውድድር ይመዘገባሉ። እርስዎም ተመዝግበው ከሆነ፣ ወይም ባለቤትዎ አለዚያም ወንድምዎ ተመዝግቦ ቤቱ በእሱ ወሬ ከተሞላ፣ የዚህ ወር ዓምድ ለእርስዎ ነው።

«እኛ የሯጮች አገር ነን፤ ብስክሌት ምን ያደርግልናል?» የሚል ዘመድ መቼም አይጠፋም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ እንደነበር ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከዚያ ወደ ልምምድዎ ይመለሱ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የወቅቱ የመጀመሪያ ረጅም ውድድር ብዙ ጀማሪዎችን የሚጥላቸው እግራቸው ስለደከመ ብቻ አይደለም። ጉልበታቸውን የማይገባ ቦታ ስለሚያወጡ፣ ደግሞም እስኪርባቸው ድረስ ስለማይበሉ ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ እንደ ማሳያ እንውሰድ። በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድረሻው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኝ ከመነሻው ከፍ ይላል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ከአምስት ሰዓት በላይ ኮርቻ ላይ ይቆያሉ ማለት ነው። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት የሚያስቀምጠው የስኳር ስንቅ ግን ጠንክረው ከጋለቡ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያደርስዎት ነው። ስብ ከዚያ በኋላም አለ፤ ነገር ግን ቶሎ አይነድም። ስለዚህ ሰንዳፋን በፉከራ ያለፈ ሰው ሸኖ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም። በዚያ ፍጥነት ሸኖ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ነው።

ሲመጣ እንደ ተራ ድካም አይደለም። እግር አያምም፤ ዝም ብሎ ይከዳል። ቀዝቃዛ ላብ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያናግርዎት ያናድድዎታል። ዳገት ላይ ከሆነ ወርደው ይቀመጣሉ፣ ያልፋል። ቁልቁለት ላይ ግን ማሰብም ፍሬን መያዝም አብሮ ስለሚደክም ያስፈራል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከምግቡ ነው። ለዚህ ከውጭ የሚመጣው የታሸገ ጄል አያስፈልግም፤ ዋጋውን ሳይ እንዲያውም ራት የምበላበት ይመስለኛል። አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ ስንቅ አድርገው የያዙት በሶ አለ። 40 ግራም በሶ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና በጥቂት ውኃ ለውሰው ጭብጦ ቢያደርጉት ወደ 45 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ይወጣዋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ደግሞ 25 ግራም ገደማ አለው። ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ግልቢያ የሚመከረው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ነው፤ እንዲህ ላለ ረጅም ቀን ወደ 60ው ቢጠጉ ይሻላል። በሰዓት አንድ ጭብጦና ግማሽ ሙዝ ማለት ነው። በሶ ገለባማ ስለሆነ አንዳንድ ሆድ ይከብደዋል፤ ስለዚህ የውድድሩ ቀን ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት በልምምድ ላይ ይሞክሩት። ደረቅም ስለሆነ ከውኃ ጋር ይሁን። ለኮዳው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 60 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና ግማሽ ሎሚ ጨምቀው ይያዙ። ይህ ስኳርም ከሒሳቡ ስለሚገባ ኮዳውን አዘውትረው የሚጠጡ ከሆነ ጭብጦውን መቀነስ ይችላሉ። በየሰዓቱ ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ይበቃል፤ ብርድ ሲሆን ሰው መጠጣት ይረሳል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከተነሱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጉረሱ፤ ከዚያ በየ20 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ። ያን ጊዜ አይርብዎትም፣ ደግሞም ሰው ሁሉ እየሮጠ እጅን ወደ ኪስ መስደድ ያሳፍራል። ቢያሳፍርም ይብሉ።

ዋዜማውን በተመለከተ ለቤተሰብ አንድ ቃል። «ነገ ብዙ ይደክማልና ይብላ» ብሎ ቅዳሜ ማታ ክትፎና ቁርጥ ማቅረብ ፍቅር ነው፤ ጠዋት ግን ሆድ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ፓስታ፣ ሩዝ፣ ወይም በርበሬው የቀለለ ሽሮ በእንጀራ ይሻላል። ክትፎው ለእሑድ ማታ ይቆይ። ጠዋት ሳይቀምስ የመውጣት ልማድ ያለው ሰው ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በፊት ቁርስ እንዲበላ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዚያ ማለዳ ክርክር አይመችም።

አሁን ወደ ጉልበቱ። የገበያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ የዓመቱን የማስታወቂያ በጀት ለእንቁጣጣሽ የጨረሰ ድርጅት ለፋሲካ ዝም ይላል። ብስክሌትም ላይ እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የፊተኞቹ ሲፈተለኩ ልብ «ተከተል» ይላል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከጎንዎ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ይችላሉ? ካልቻሉ ይልቀቋቸው። ከኋላ ሌላ ቡድን ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ነፋሱ ስለሚቀንስለት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ያተርፋል። ያ ሜዳማ የደጋ መንገድ ደግሞ ነፋስን የሚከልል ነገር የለውም። ስለዚህ አጭር ዳገት ላይ፣ አናቱ እየታየዎት፣ ቡድኑን ላለመለየት ለሁለት ደቂቃ ትንፋሽ እስኪያጥር መግፋት የሚያዋጣ ወጪ ነው፤ ብቻዎን ቀርተው ለአንድ ሰዓት ከነፋስ ጋር ከመታገል ያድንዎታል። የማያዋጣው አንዱ ስላለፈዎት ብቻ እሱን ለማለፍ የሚወጣው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ሸኖ ላይ አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ይገኛል።

ቡድን ውስጥ ሲሆኑ ድንገት ፍሬን አይያዙ። የፊት ጎማዎንም ከፊትዎ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አያስገቡ፤ እሱ ትንሽ ቢዞር የሚወድቁት እርስዎ ነዎት። ጉድጓድ ሲያዩ በእጅ ያመልክቱ፣ ይጩኹም። ከክረምት በኋላ ጎርፍ ያወረደው ጠጠር መታጠፊያዎች ላይ ይከማቻል። ጭድ የጫነች አህያ ደግሞ ውድድር መሆኑን አታውቅም። ትርፍ ካላማዳሪያና ትንሽ ፖምፓ ይያዙ፤ ጎሚስታ በሌለበት ቦታ መተንፈሱ የጎማ ልማዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈና ለረጅም ጊዜ ስፖርት ካልሠሩ፣ ወይም ደም ግፊትና ስኳር ካለብዎት፣ ከመመዝገብዎ በፊት ሐኪም ይይዎት። በውድድሩ ሳምንት ትኩሳት ከነበረብዎት ይቅሩ። መንገድ ላይ ደረትዎን ከጨመቀዎት ወይም ማዞር ከመጣ፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ሳይሉ ወዲያውኑ ወርደው እርዳታ ይጥሩ። የአንድ የቅርብ ሰው ስልክ በወረቀት ጽፈው ሄልሜቱ ውስጥ ይለጥፉ፤ የእጅ ስልክ በይለፍ ቃል ስለሚዘጋ ለማንም አይጠቅምም።

ለጠባቂዎችም አንድ ትክክለኛ ሰዓት ሳይሆን ክልል ይንገሯቸው፦ «ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል» ይበሉ። በየመንደሩ ስልክ እንዳይደውሉ፣ በመኪናም ከቡድኑ ኋላ እንዳይከተሉ ይስማሙ፤ አንዱ መኪና የሌላውን ብስክሌተኛ መንገድ ይዘጋል። ይልቅ መድረሻው ላይ ደረቅ ሹራብ፣ ፎጣና ትኩስ ሻይ ይዘው ይጠብቁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በላብ የራሰ ልብስ በአምስት ደቂቃ ያንቀጠቅጣል።

ከደረሱ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ደህና ምግብ ይብሉ፤ እንቁላል በዳቦ ሳይቀር ይበቃል። የመኪናውን ቁልፍ ለጠባቂው ይስጡ። ከአምስት ሰዓት ግልቢያ በኋላ መሪ የሚይዝ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል፤ መንገዱ ደግሞ በከባድ መኪና የተሞላ ነው። ሲመለሱ ሸኖ ላይ ቆም ብለው ለጋ ቅቤ ይግዙ፤ ለማታው ክትፎ ይሆናል።