መኪናው ጠዋት አልነሳ ሲል

በኖርዝ ሆሊውድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሥራው ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሆነ ሳይነጋ ተነስቶ ተራራውን መሻገር አለበት። ታክሲ ለሚነዳ፣ ሆቴል ወይም ሆስፒታል የጠዋት ፈረቃ ለሚገባም ነገሩ ያው ነው። በዚያ ሰዓት መኪናው እምቢ ካለ የሚጠፋው የሰዓት ክፍያ ብቻ አይደለም፤ ደጋግሞ ያረፈደ ሰው ሥራውንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የቸኮለ ሰው መጀመሪያ ያገኘው ጋራዥ ገብቶ የተባለውን ሁሉ ይከፍላል። ባትሪ ይለወጥለታል፤ በሳምንቱ መኪናው እንደገና ይቆማል። ሞተሪኖ ይለወጣል፤ አሁንም ያው ነው። ከዚህ ኪሳራ የሚያድነው ከመክፈል በፊት ምልክቱን ማወቅ ነው።

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ፣ ወይም "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪው፣ ገመዶቹና ሞተሪኖው ይታያሉ። ሞተሩ እንደ ወትሮው በፍጥነት እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ባትሪውን መወንጀል ከንቱ ነው፤ የሚፈለገው ቤንዚኑ ወይም እሳቱ ነው።

በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ባትሪን በይበልጥ የሚጎዳው የበጋው ሙቀት ነው። ሙቀቱ የውስጡን ውሃ ያተናል፣ ሰሌዳዎቹንም ቶሎ ያስበላል። ጉዳቱ የሚታየው ግን በዲሴምበርና በጃንዋሪ ጠዋት ነው፤ ሲበርድ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል። 3 ዓመት ያለፈው ባትሪ ክረምት ሳይገባ ቢፈተሽ ይመረጣል፤ ብዙ የመኪና ዕቃ መደብሮች ያለ ክፍያ ይፈትሻሉ።

ርካሽ የቮልት መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ራሱ ሊያየው ይችላል። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ሊያልቅ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.5 እስከ 14.7 ያሳያል፤ ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው። ሁለቱም ደኅና ሆነው ባትሪው ሌሊቱን ካለቀ የሚጠጣው ነገር አለ፤ የኋላ ሻንጣ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር ወይም ካሜራ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ይጽዳ፣ የላላውም ይጥበቅ። ይህ ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜም በሽታው እሱው ነው።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ለማይነሳው መኪና አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ቁልፉን እስከ ማስነሻው ሳያደርሱ ከፍቶ 3 ሴኮንድ መቆየት፣ መዝጋት፣ ይህንኑ 2 ወይም 3 ጊዜ ደግሞ ማስነሳት ነው። መኪናው ወዲያው ከተነሳ ሌሊት የቤንዚኑ ግፊት ይወርዳል ማለት ነው፤ ፓምፑ ወይም ኢንጀክተሮቹ ይመርመሩ። ካልሆነ ካንዴላ፣ ቦቢናና የሞተር ሙቀት መለኪያው ይታያሉ። ሲነሳ እየተንቀጠቀጠ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ካወጣና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ስለሚችል ሳይነዳ ይታይ።

አዲስ አበባ ጋራዥ የሚነገረው ቋንቋ ከጣሊያንኛ የመጣ በመሆኑ እዚህ አይገባም። ካንዴላ "ስፓርክ ፕለግ"፣ ሞተሪኖ "ስታርተር"፣ ዲናሞ "አልተርኔተር"፣ ቦቢና "ኮይል"፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ደግሞ "ሄድ ጋስኬት" ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ድምፁን፣ ሰዓቱንና የጭሱን ቀለም ጽፎ ለመካኒኩ መስጠት ከግምት ያድናል።

በካሊፎርኒያ ሕግ ጋራዡ ሥራ ሳይጀምር የጽሑፍ ግምት መስጠት አለበት፤ ባለ መኪናው ሳይፈቅድም ከግምቱ በላይ ማስከፈል አይችልም። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ማየት የሚፈልግ ሰው ሥራውን ሲያዝ አስቀድሞ ይጠይቅ። ጠብ ቢነሳ ጋራዦችን የሚቆጣጠረው ብዩሮ ኦፍ አውቶሞቲቭ ሪፔር አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል።

ስሞግ ቼክ የደረሰበት ሰው ደግሞ ይህን አይርሳ፦ ባትሪው ሲነቀል የመኪናው ኮምፒዩተር የያዘው የምርመራ ውጤት ይጠፋል። የ2000 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ የተሠራ የቤንዚን መኪና ባትሪ በተለወጠ ማግስት ቢቀርብ ሊወድቅ ይችላልና ጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላ መሄድ ይሻላል።