«መጫወቻ ነው» ባዮች እና የእህቴ ልጅ ዝርዝር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ምርጫም፣ ስለ ሕገ መንግሥትም፣ ስለ ፓርቲዎች መግለጫም አይደለም። ስለ አንድ የጌም ኮምፒውተር ነው። «ሰውዬውን ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ፖለቲካ መሆኑ አይቀርም።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከመርሳ ወልድያ መጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ጎረምሳ ነው። ቡና ከጠጣን በኋላ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጣና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህቺን ይዩልኝ» አለኝ። ፕሮሰሰር፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ እያለች ትወርዳለች፤ ከግርጌዋ «ድምር 70,000 ብር» ትላለች። ለካስ ልጁ የጌም ኮምፒውተር ሊገጣጥም ኖሯል! ገንዘቡ ደግሞ የታላቅ እህቱ ነው፤ ጂዳ በሰው ቤት እየሠራች የቆጠበችው።

እውነቱን ልናገርና የመጀመሪያ መልሴ ቁጣ ነበር። «እህትህ በሰው ማጀት ተንገላታ ያመጣችውን ገንዘብ በመጫወቻ ልትበትነው ነው?» አልኩት። አንዲት ቃል አልመለሰልኝም፤ ወረቀቷን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሳት።

ሌሊቱን ግን በራሴ አፍሬ ስገላበጥ አደርኩ። የሐብሩ ወጣት ሰባ ሺህ ብር እጁ ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የሰሜን ወሎ ሰው አለን? ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ድንበር። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የእኛ አካባቢ ልጆችም በመካከላቸው ነበሩ። ይህ ልጅ ግን ገንዘቡን ይዞ በእናቱ ቤት፣ በአንዲት ጠረጴዛ ፊት ሊቀመጥ ነው የፈለገው። እኔ፣ ዶክተር ተብዬው፣ የተቆጣሁት በዚህ ነው!

ቁጣዬ ደግሞ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የመደቤ ነው። እኛ ተምረናል የምንል ሰዎች ጌም የሚለውን ቃል ስንሰማ ቦዘኔ፣ ሺሻ ቤት፣ የባከነ ትውልድ የሚሉት ቃላት ተከትለው ይመጡብናል። ባለሥልጣኖቻችንም ያው ናቸው። ይኸው መንግሥት ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚል መርሐ ግብር አስጀምሯል፤ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም አቋቁሟል። መልካም! ታዲያ ይህ የሚዘመርለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከየት እንደ መጣ የነገራቸው ሰው የለም ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘርፉን የለወጠውን ሥራ የሠሩት ጂቲኤክስ 580 በተባሉ ሁለት ካርዶች ነው። የጌም ካርዶች! ጎረምሳ የሚጫወትባቸው! ኤንቪዲያ የተባለውም ኩባንያ ሀብቱን የጀመረው ለጌም የሚሆን ሥዕል ከሚሥል ቺፕ ነው።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2000 የጌም ኮንሶል ሽያጭን «ለወጣቱ ጎጂ ነው» ብላ ከለከለች፤ ክልከላው ከአሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። ወጣቱ ግን አልተወም፤ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። በ2024 ከገዛ አፈ ታሪኳ የተቀዳው «ብላክ ሚዝ፦ ዉኮንግ» የተሰኘ ጌም በሦስት ቀን ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እኛም ዘንድ ምልክቱ የለም አይባልም፤ አዲስ አበባ ያሉት የቅኔ ጌምስ ልጆች ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮን «ኩኩሉ» ብለው ጌም አድርገዋታል። ተጫውቶ የማያውቅ ልጅ ነገ ጌም ይሠራል ብዬ አልጠብቅም፤ መጽሐፍ ሳያነቡ ደራሲ መሆን እንደማይቻል ሁሉ።

ጠዋት ልጁን ቀስቅሼ፣ «ወረቀትህን አምጣ» አልኩት።

የዝርዝሩ ራስ ላይ «ኮር አይ 7» ተጽፏል። እዚህ ላይ አንባቢዬ ቆም ይበል፤ የድኻ ገንዘብ በብዛት የሚዘረፈው በዚህች ቁጥር ነውና። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ «አይ 7 ነው፣ ዶክተር፣ የመጨረሻው ነው» ብሎኝ ከፍዬ የገዛሁት ኮምፒውተር ሦስተኛ ትውልድ ሆኖ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. የ2012 ዕቃ መሆኑ ነው። ቁም ነገሩ ከሰረዟ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። የ2018ቱ አይ 5-8500 ስድስት ኮር አለው፤ አሮጌው አይ 7-3770 አራት ብቻ። «አምስቱ» «ሰባቱን» ያስከነዳል! በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ አዲስ ፕሮሰሰር፣ አዲስ ማዘርቦርድ፣ አዲስ ራም እያሉ በየተራ ከመግዛት ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ሙሉ አካሉን መግዛት ይሻላል አልኩት። ቀጭኑን ሳይሆን ቁመተ ረጅሙን፤ ቀጭኑ አጫጭር ካርዶችን ብቻ ነው የሚያስገባው።

በተለይ ዘንድሮ ይህ ምክር በእጥፍ ይሠራል። ከ2018 ዓ.ም. መባቻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ነክቷል። ምክንያቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች የማስታወሻ ቺፑን ጠራርገው መውሰዳቸው ነው። ማይክሮን የተባለው አምራች በኅዳር ወር ለተራው ሸማች የሚሸጠውን ክሩሻል የተሰኘ ምርቱን ሊያቆም መሆኑን አስታውቋል። ራሙ በውስጡ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር እንግዲህ ከነጥሪቱ የሚሸጥ ቤት ነው። ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ካለው ልጄ ሆይ፣ ሳትከራከር ውሰደው።

ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ መጣ። ልጁ አርኤክስ 580 ብሎ ጽፏል፤ ለምን እንደሆነም ያውቃል፤ 8 ጊጋባይት አለው፣ ዋጋውም ይረክሳል። የረከሰበትን ምክንያት ግን አላወቀም። እነዚህ ካርዶች ኢተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርቱ ኖረው፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አሠራሩ ሲለወጥ በየገበያው የተጣሉ ናቸው፤ ሌት ተቀን ሲነዱ የኖሩም ብዙ ናቸው። ከዚህም የባሰው 185 ዋት መጠየቁ ነው። የቢሮ ኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 260 ዋት ቢሆን ነው፤ ሶኬቱም የኩባንያው የራሱ ስለሆነ በሌላ ልተካህ ቢሉት እሺ አይልም። ስለዚህ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ያስፈልጋል፦ ጂቲኤክስ 1650፣ 75 ዋት የሚበላው፤ ገንዘብ ከተረፈ ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050፣ 70 ዋት። አርኤክስ 6400ን ግን ተወው አልኩት፤ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ መንገዱ ስለሚጠብበት አቅሙን ያጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ቀስተ ደመና የሚያበራ ባለ መስታወት ኬዝም ነበረበት፤ በመርሳ ሙቀትና አቧራ ላይ እሱን ምን አመጣው? ሰረዝነው። (ትንሽ ከፍቶት ነበር፤ ዕድሜው ነው።)

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ፤ ፈርቼ አላልፈውም።

ውጭ አገር በ300 ዶላር የሚሸጥ ካርድ እናስብ። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ምንዛሪ 17,000 ብር ገደማ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ዶላሩ ከ140 ብር በላይ ስለሆነ ከ42,000 ብር ያልፋል፤ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይነኩ። «ያኔስ ቢሆን ነጋዴው ዶላሩን ከባንክ መች አገኘው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ከጥቁር ገበያ ነበር። ይህ ግን ክሱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፤ ትናንትም ዛሬም ልዩነቱን የከፈለው ወረቀቷን አጥፎ የመጣው ልጅ ነውና። እህቱ በሪያል ስትልክ ብሩ በዛ ብላ ተደስታ ይሆናል፤ ዕቃው ግን ከእሷ ቀድሞ ሮጧል።

ስለ መብራቱስ? የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2016 ዓ.ም. ከሃያ ከማያንሱ የቢትኮይን አምራቾች ጋር ውል እንዳለው በሰፊው ተዘግቧል፤ አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው። የውጭ ምንዛሪ ያመጣሉ ነው ምክንያቱ። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኮርቻለሁ፣ ቦንድም ገዝቻለሁ። ሙያተኞች ወዳጆቼ «አምራቾቹ የሚወስዱት ከማከፋፈያ ጣቢያ በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ የመርሳ መብራት የሚጠፋው በማሰራጫው መስመር ችግር ነው፤ አንዱ ከሌላው አይቀማም» ይሉኛል። እቀበላለሁ። እንግዲያውስ ከአምራቾቹ የተገኘው ዶላር ለዚያው ለማሰራጫ መስመር ይዋላ! ጎተራ ውስጥ ለሚያቃጥል መሣሪያ ሁሉ ኃይል «ኢንቨስትመንት» ተብሎ፣ የአንድ ልጅ ሰባ አምስት ዋት «ቅንጦት» የሚባልበትን ሚዛን ግን አልቀበልም።

ኢንተርኔቱም የዝርዝሩ አካል ነው። በክልላችን የሞባይል ዳታ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ መኖሩን የምናውቅ እናውቃለን። መቶ ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በዳታ ጥቅል ይወርዳል ብሎ ማቀድ ዘበት ነው። ስለዚህ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ጌሙን ከጓደኛ የሚገለብጥበት አንድ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ፤ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ካልተገኘ አልከፈትም የሚል ጌም ደግሞ ከናካቴው ይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለእኛው ለሠራተኞቹ ነው። በጦርነቱ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስትያዝ ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ በየተቋሙ የነበረው ኮምፒውተር ምን እንደ ሆነ አይተናል። ያ በሌሎች እጅ የሆነ ነው። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን «ይወገድ» ተብሎ፣ ኮሚቴ እየጠበቀ፣ አቧራ እየጠጣ የሚያረጀውን ኮምፒውተርስ የዘረፈን ማን ነው? አንድ የእጅ ፊርማ ጠፍቶ ስምንተኛ ትውልዱ ኮምፒውተር እንደ ሦስተኛው ዋጋ ቢስ እስኪሆን ይቆለፍበታል፤ በመጨረሻም በኩንታል ሒሳብ ለአንድ ነጋዴ ይጫረታል፤ ያ ነጋዴ ደግሞ «አይ 7 ነው» ብሎ ለእህቴ ልጅ ይሸጥለታል! ለምን በነጠላ፣ በግልጽ ዋጋ፣ ለአካባቢው ወጣት አይሸጥም? ይህን የሚከለክል ዶላር የለም፤ ጦርነትም የለም። ከልካዩ እኛው ነን፣ የንብረት ኮሚቴ አባላት። እኔም በአንዱ ውስጥ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥነው። ካርዱን ከላይ፣ ኮምፒውተሩን ቀጥሎ፣ ያገለገለ ሞኒተርን ከሥሩ አሰፈርን። ልጁ እህቱን በኢሞ ደወለላትና በኩራት ያነብላት ጀመር፤ ስለ ኮሩም፣ ስለ ዋቱም። እሷ ከወዲያ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «መብራት ሲጠፋስ?» አለችው።

ተያየን። ሁለታችንም ዩፒኤስ የሚባለውን ረስተነዋል። ቮልቴጁን የሚያስተካክል፣ 650 ቪኤ፣ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚያደርስ። ወረቀቷን እንደ ገና ገለበጥናት፤ ዩፒኤሱን ከሁሉ በላይ ጻፍነው፤ ለእሱም ስንል ከ3050ው ወደ 1650 ወረድን።