«ደም ብዛት» የደም መብዛት አይደለም

በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ቀፊራ «ደም ብዛት አለብኝ» የሚል ሰው ማግኘት አያዳግትም። ስሙ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። በሽታው የደም መትረፍረፍ የሚመስለው ሰው ሥጋ ትቶ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አዘውትሮ ደሙን «ለማቅጠን» ይሞክራል። ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡርም ደም ብዛት ከቶ የማይነካት ሊመስላት ይችላል። ሁለቱ ግን ተቃራኒዎች አይደሉም፤ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ። ደም ማነስ የሄሞግሎቢን ማነስ ሲሆን፣ የደም ግፊት ደም የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ስለዚህ እኛ «የደም ግፊት» የሚለውን ስም እንመርጣለን፤ ሐኪሞቻችንም ይህንኑ ቢያስለምዱን ደስ ይለናል።

ኃይሉ ቀላል አይደለም። መለኪያው 120 ሲያሳይ፣ ልብ ስትኮማተር የሚፈጠረው ግፊት 120 ሚሊ ሜትር የሜርኩሪ ዓምድ ይሸከማል ማለት ነው። ሜርኩሪ ከውኃ 13.6 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ያው ግፊት ውኃን ከ1.6 ሜትር በላይ ሽቅብ ያቆማል። የታችኛው ቁጥር በሁለት ምቶች መካከል ልብ ስታርፍ የሚቀረው ግፊት ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል።

«ራሴን ካላመመኝ ለምን እለካለሁ?» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል። ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በሽታው ካለባቸው ጎልማሶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት መያዛቸውን አያውቁም። በከተማችን ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ከተለኩት ጎልማሶች ወደ ሩብ የሚጠጉት ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል።

እዚህ ላይ የድሬዳዋን ጠባይ ማሰብ ይገባል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምት ያፈጥናል፤ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከበርጫ ተነሥቶ የተለካ ሰው ቁጥሩ ቢያሻቅብ አያስደንቅም። ሙቀቱ በአንጻሩ የደም ቧንቧዎችን ስለሚያሰፋ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። በተለይ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በግንቦትና በሰኔ ላቡ ሲፈስ ሊያዞረው ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙን ማማከር እንጂ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

በእኛ አስተያየት ለልኬት የተሻለው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ጫትም ቡናም ሳይቀመስ፣ አምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል አስደግፎ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ክብደታችንን በጥቂት ሳንቲም ሲነግሩን ኖረዋል። ግፊታችንን ለማወቅ ግን ሆስፒታል ወረፋ እስክንይዝ መጠበቅ የለብንም። የከተማው ጤና ቢሮ የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ከነመለኪያቸው ፀሐይ ሳይበረታ በቀፊራ ገበያ ቢያስቀምጥ፣ እኛም ተማሪዎቻችንን ይዘን ለማገዝ ዝግጁ ነን።